ቁልፉ ጉድጓድ ውስጥ ላለው ሰው

ግንቦት ዘጠኝ ቀን ነበር። እንዲያ እያልኩ ስናገር ኖሬአለሁ፤ አሁን ለመጻፍ ስቀመጥ ግን እጄ ያመነታል። ቀኑን ያየሁት ዘበኛችን በሊፍቱ በር ላይ በለጠፈው ወረቀት ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀን የሚጽፈው በግምት ነበር። ተናድዶ ያደረ እንደሆነ የትናንቱን፣ ደስ ያለው እንደሆነ የነገውን ይጽፋል። ስለዚህ ስምንትም ሊሆን ይችላል፣ አሥርም። ወረቀቱ «ሊፍቱ ታሟል፤ በእግራችሁ» ይል እንደነበር ግን አልጠራጠርም።

ያን ጊዜ የምኖረው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሕንፃው ዛሬም አለ፤ ሌላ ቀለም ተቀብቶ፣ በረንዳዎቹ በመስታወት ተዘግተው ቆሟል። አልፎ አልፎ በደጁ ሳልፍ ቀና ብዬ የእኔ የነበረውን መስኮት እፈልጋለሁ፤ ከታች ወደ ላይ ቆጥሬም እሳሳታለሁ። ከዚያ ዘመን ሰዎች አብዛኞቹን ፊታቸውን እንጂ ድምፃቸውን አላስታውስም። የሊፍት ጠጋኙን ግን፣ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም እንኳ ያልጠየቅሁትን ሰው፣ ድምፁን እስካሁን እሰማዋለሁ።

ሰፈሩ «ላይታች» ይለዋል። ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ እሱም እንዲያ ብለው ሲጠሩት አቤት ይላል። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ እርሳስ ከጆሮው ጀርባ የማይለየው ሰው ነበር። እጁን በጋዝ ይታጠብና በሳሙና ይደግመዋል፤ ከዚያ በኋላም ሰው ሊጨብጠው ሲመጣ እጁን ደብቆ ክርኑን ይሰጣል።

መጀመሪያ ያወቅሁት በራሱ ሳይሆን በጓጉንቸሩ ነው። ከሥራ ስመለስ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ዳኛ ምድር ቤት ካለው የመብራት ሳጥን ፊት ቆመው ከዘበኛው ጋር ሲከራከሩ ደረስኩ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የያዙት ዘንቢል ደግሞ ከብዷል።

«አንድ ጊዜ አብራውና ልውጣ። ከዚያ መልሰህ ታጠፋዋለህ።»

«አልችልም ጌታዬ።»

«ምን ማለት ነው አልችልም? ይኸው ማብሪያው።»

«ይኸው ጓጉንቸሩስ?»

እውነትም የማብሪያው እጀታ ላይ ቀይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

«ቁልፉን አምጣዋ!»

«ቁልፉ ከእሱ ጋር ነው።»

«እሱስ የት ነው?»

«ጉድጓድ ውስጥ።»

ዳኛው ወደ ሊፍቱ በር ዞሩ። ከሊፍቱ በር ጀርባ፣ ከእግራችን ሥር፣ ብረት በብረት ሲመታ ይሰማል።

«ደንባቸው ነው» አለ ዘበኛው፣ ራሱ ያወጣው ደንብ ይመስል ደረቱን ነፍቶ። «ጉድጓድ የሚገባው ሰው መብራቱን አጥፍቶ ይቆልፍና ቁልፉን በኪሱ ይዞ ይገባል። አለቃውም ቢመጣ፣ መንግሥትም ቢመጣ ከእሱ በቀር የሚከፍት የለም። እሱ እታች ሆኖ ሌላው እላይ ቢያበራውኮ ሊፍቱ እንደ ቅማል ነው የሚደፈጥጠው።»

«ደግ ደንብ ነው» አሉ ዳኛው በመጨረሻ። ዘንቢሉን እኔ ተቀበልኳቸው፤ ደረጃውንም እያረፍን አብረን ወጣን።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋኙ የእኔ በር አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ምሳ ዕቃውን ከፍቷል። ውኃ ላቀብለው ወጣሁ። ከአጠገቡ ያለችው ስልክ ያች የጥንቷ፣ ከመደወልና ከመቀበል በቀር ሌላ ጥበብ የሌላት ዓይነት ነበረች። ዘበኛው ሻይ ይዞለት መጥቶ ስልኳን አየና ሣቀ።

«ላይታች፣ ዛሬ ውድድር የለም?»

«የለም።»

«ዋንጫውን ለእነማን ተውከው ታዲያ?»

«ለሥራ ፈቶቹ። አንተም ሞክር።»

ዘበኛው ወደ እኔ ዞረ። «ይህን ሰው እንዲህ ቅባት ነክቶት ሲያዩት እንዳይንቁት። የካዚኖ ሻምፒዮን ነበር። በስልክ።»

ላይታች የሣቀው በአፉ ብቻ ነበር። ዘበኛው ከወረደ በኋላ ሻዩን በእጁ አዟዟረ። እኔም ልጠይቅ አልጠይቅ እያልኩ ቆምኩ። ራሱ ጀመረው።

«ካዚኖ ሲባል ሰው የሚታየው መብራት የሚንቦገቦግበት ቤት ነው። እኔ እንዲያ ያለ ቤት በሩንም አላውቀው። የገባሁት ማሽን ክፍል ውስጥ፣ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጬ ነው።»

የሊፍት ማሽን ክፍል ያለው ከጣሪያ ሥር ነው፤ ከሕንፃው ሁሉ በላይ፣ ብቻውን። አንድ ዕቃ ከመጋዘን እስኪመጣለት ግማሽ ቀን እዚያ የሚቀመጥበት ጊዜ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባው የካዚኖ ውድድር የሚባለውን አሳየው። ከየአገሩ የተሰበሰቡ ሰዎች በአንድ ሰዓት ይገባሉ፤ ለሁሉም እኩል ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ ሁሉም በየስልኩ ሃያ አንድ የሚባለውን ካርታ ይጫወታል። የካርታው ድምር ወደ ሃያ አንድ የተጠጋለት ያተርፋል፣ ከዚያ ያለፈበት ይወድቃል። ጨዋታው ሁለት ቃል ነው፤ ወይ ጨምር ትላለህ፣ ወይ በቃኝ። ጊዜው ሲያልቅ ብዙ ነጥብ ያከማቸ ያሸንፋል። ከጎን የደረጃ ሰንጠረዥ አለ፤ የተጫዋቹ ስም እዚያ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ይታያል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳወጣ ሳወርድ ኖርኩ» አለኝ። «ራሴ ስወጣ ያየሁት እዚያ ሰንጠረዥ ላይ ነው።»

በመጀመሪያው ውድድር ሦስተኛ ወጣ። መግቢያው በነጻ ነበር። ችሎታው ትዕግሥት ነው፤ ሌላው ሲቸኩል እሱ በቃኝ ይላል። ቀጥሎ በጥቂቱ የሚከፈልበት መጣ፣ ቀጥሎ ትንሽ ከፍ ያለው። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አለ፣ ሻዩን ሳይጠጣ አስቀምጦ። ለሚስቱ ተጨማሪ ሥራ አለኝ ይላታል። እሷ የጥርስ ሕክምና ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ የደከመ ሰው ስለምታውቅ አዘነችለት። እሱ ግን ለአንድ ልጃቸው ትምህርት ያስቀመጡትን ነበር በየዙሩ የሚያስገባው።

ልጅቱ ነርስነት ትማራለች። ቤት ውስጥ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ሚጣ» ነው የምትባለው። አንድ ቀን የአባቷን ስልክ ለአንድ ነገር ተውሳ ስትነካካ ሰንጠረዡ ተከፈተ፤ ከላይ ሁለተኛው ተራ ላይ «ሚጣ» ይላል። አባትየው እዚያ የገባው በእሷ ስም ነበር።

«ስሟን ስታየው ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር፤ ዕብደት ነው እንግዲህ» አለኝ። «ቁጭ ብላ ሁሉንም አንድ በአንድ አየችው። ከዚያ ምን አለችኝ? አባዬ፣ እዚያች ሚጣ በወጣች ቁጥር እዚህች ሚጣ ወርዳለች። በማግሥቱ ሻንጣዋን ይዛ አክስቷ ቤት ገባች።»

የትምህርቷን ክፍያ የያዘችላት አክስቷ ናት። ሚስቱ አልሄደችም፤ ግን ከደኅና ዋልክና ከራት ቀርቧል ያለፈ ቃል አይወጣትም።

«አሁንስ?» አልኩት።

ደረቱን መታ መታ አደረገ፤ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። «ቆለፍኩበት። ያን ስልክ አሮጌ የመፍቻ ሳጥን ውስጥ ከትቼ እንደ ሥራ ደንባችን ቀይ ጓጉንቸር አደረግሁበት። ለሚጣ ነገርኳት። እናያለን አለች።»

«ታዲያ ጥሩ ነው።»

«ሌላ የምፈልገው ነገር የለም። ቤቷ ትግባልኝ። ትቆጣኝ፣ ትስደበኝ፣ ብቻ ቤቷ ሆና።»

ሊፍቱ በዚያ ሳምንት አልተጠገነም። ከመጋዘን የመጣው የበር ዕቃ የግራ ሆኖ የእኛ በር የቀኝ ነበር። ዘበኛው ወረቀቱን አውልቆ «መድኃኒቱ አልተገኘም» ብሎ ጻፈበት። ሳምንታት አለፉ፤ ሁላችንም በደረጃው ላይ መተዋወቅ ጀመርን። ዳኛውና እኔ እንኳ በየፎቁ እያረፍን ስለ ሙት ወዳጆቻችን እናወራ ነበር።

ላይታች ዕቃውን ይዞ ሲመለስ ግን እንደ በፊቱ አልነበረም። ሰላምታዬን አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስመለስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሼን ልሰብስብ ቆምኩ። ከበላዬ ባለው መታጠፊያ ላይ ሁለት ሰዎች ይነጋገራሉ። አንዱ እሱ ነው። ሌላዋን ባላውቃትም ነጭ የተማሪ ነርስ ጋውኗን በክንዷ ላይ አጥፋ ይዛ ስለነበር ማንነቷ ገባኝ። ወደላይ እንዳልሄድ እነሱ አሉ፤ ወደታች እንዳልመለስ ዕቃው ከባድ ነው። ቆሜ ሰማሁ።

«አባዬ፣ እሑድ የት ነበርክ?»

«ቤት ነበርኩ። ወዴት እሄዳለሁ?»

«ሚጣ ግን አሥራ አራተኛ ወጥታለች።»

መፍቻ ከደረጃው ብረት ጋር ሲጋጭ ሰማሁ።

«እኔኮ ስሜን በየሳምንቱ ነው የማየው» አለች። «ሰንጠረዡ ለማንም ክፍት ነው። ሰሞኑን ጠፍታ ነበር። ደስ ብሎኝ ለአክስቴ ሁሉ ነግሬአታለሁ። እሑድ ስከፍተው ተነሥታ መጥታለች።»

«በነጻ የሚገባበት ነው፣ ሚጣዬ።»

«የመጀመሪያውም በነጻ ነበር።»

«ቆልፌው ነበርኮ።»

«ማን ከፈተው ታዲያ?»

ፊቱን አላየሁም፤ ግን ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁት።

«ቁልፉ ለምን ከአንተ ጋር ሆነ?» አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ በሽተኛ የት ጋ ነው የሚያምህ ተብሎ እንደሚጠየቅ ነበር የጠየቀችው።

«ደንቡ ነዋ። የቆለፈው ሰው ነው የሚይዘው።»

«እንዲያ ነው ያስተማርከኝ? ቁልፉ ለቆለፈው አይደለም።»

«ጉድጓድ ውስጥ ላለው ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እህስ። ቢበራ የሚደፈጠጠው ማነው? አንተማ እላይ ነህ፣ ማሽን ክፍል። እጅህም ማብሪያው ላይ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ያለነው እኔና እማዬ ነን።»

ይህን ብላ ወረደች። እየሮጠች ሳይሆን በዝግታ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጠች በአጠገቤ አለፈች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋም ሰላም አለችኝ። እኔ ወደ ላይ ስወጣ ላይታች መፍቻውን በእጁ እንደያዘ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ሰሙ?» አለኝ።

«ሰማሁ። ይቅርታ፣ ዕቃው ከብዶኝ ነው።»

«ይስሙት እንጂ። ስንቱን አዲስ ሠራተኛ ያን ደንብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለ። ዘንቢሌን ከእጄ ነጥቆ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ አደረሰልኝና ወረደ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ በሩ ተተክቶ የቀረው ገመዱን ማስተካከልና መሞከር ነበር። የመብራት ሳጥኑን ሲቆልፍ ዘበኛውንና እኔን ጠርቶ አንድ ነገር አሳየን። ባለ ብዙ ቀዳዳ ብረት ነው፣ እንደ ሸርጣን እግር ያለ። ከአንድ ሰው በላይ ጉድጓድ የሚገባ እንደሆነ እያንዳንዱ የራሱን ጓጉንቸር በየቀዳዳው ያንጠለጥላል፤ የመጨረሻው ሰው ወጥቶ የራሱን እስኪፈታ ድረስ መብራቱ አይበራም።

«ይሄን የመሰለ ነው ቤት ያደረግሁት» አለ። «የእኔ ቀዩ አለ። ሚስቴ ስንጋባ ከገዛነው ሻንጣ ላይ ያለችውን ትንሿን ፈትታ አምጥታ ሰቀለች። ሚጣ ደግሞ ከትምህርት ቤት ቁም ሳጥኗ ላይ ያለውን በእናቷ እጅ ላከች። ሦስታችንም ካልተገናኘን ሳጥኑ አይከፈትም።»

«የባንክ ካዝና አደረጋችሁት በለኛ» አለ ዘበኛው። «ታዲያ እንዲህ ከሆነ ከነሳጥኑ ወንዝ አትጥለውም?»

ላይታች ብረቱን በእጁ አገላበጠ። ነገሩ ያ ነበር። የዓመቱ ማጠቃለያ ውድድር የፊታችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። የሚገባው ዓመቱን ሙሉ ደረጃ ያገኘ ብቻ ነው፤ የመግቢያ ክፍያ የለውም፤ ላይታች ደግሞ ቦታውን ያገኘው ገና ከመቆለፉ በፊት ነበር።

«ያሸነፈ ምን ያገኛል?» አለ ዘበኛው።

«ብዙ።»

«ያን የገንዘብህን ቀዳዳ የሚደፍን?»

«ደፍኖ የሚተርፍ።»

«ላም አለኝ በሰማይ።»

«እኔም ለራሴ እንዲያ እላለሁ። ጠዋት እላለሁ፣ ማታ ደግሞ ወተቷን ሳልብ አድራለሁ።»

ልጁን ቁልፍሽን አምጪ ለማለት አፍሯል። ለቁማር ወደ ቤት ነይ ተብሎ ልጅ አይጠራም። ይህን ለሚስቱ ሲነግራት ግን፣ ለወራት ከሁለት ቃል ሌላ ያልተናገረችው ሴት ሣቀች አለን። እዚያው ፊቱ ስልኳን አንሥታ ለልጇ ደወለች። «ነይ» አለቻት። «እሑድ ነይ፣ ቁልፍሽን ይዘሽ። ይህን ሁሉ ጊዜ ከጣውንት ጋር ስኖር መልኳን አላየሁትም። አንድ ቀን ፊት ለፊት ልያት።»

«ምን አለች ልጅቱ?» አልኩት።

«አላውቅም። ዝም ብላ ዘጋችው።»

«ባትመጣስ?»

«ካልመጣች አይከፈትም።» ይህን ያለው ወደ ጉድጓዱ እየወረደ ስለነበር ፊቱን ማየት አልቻልኩም። የሚፈራው የልጁን መቅረት እንጂ የውድድሩን ማምለጥ አልነበረም። ወይም እኔ እንዲያ ብዬ ማመን ፈልጌ ነው።

ያን እሑድ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ስለማላውቀው ቤታቸው ሳስብ እንደዋልኩ አስታውሳለሁ።

ማክሰኞ መጣ፤ ሥራው ያለቀበት ቀን ነው። ጓጉንቸሩን ከማብሪያው ላይ ፈትቶ ሊፍቱን ባዶውን ላይ ታች ካመላለሰ በኋላ በየፎቁ በሩን ሲሞክር ሰባተኛ ደረሰ። በሬን ከፍቼ ብቅ አልኩ። ጥያቄዬ ፊቴ ላይ ሳይነበብ አልቀረም።

«መጣች» አለ።

ነገሩን የነገረኝ በሩን እያስከፈተና እያዘጋ፣ ጆሮውን ወደ ሐዲዱ እያዘነበለ ነው። ሚጣ ከነቁልፏ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ግቢ ሳይሏት አልገባም ብላ አይደለም፣ ጫማዋን ስትፈታ ነው። ያን ሲያይ ልቡ መለስ አለለት፤ ሰው ሊሄድ ጫማ አይፈታም። እናትየዋ የሻንጣዋን፣ ሚጣ የራሷን፣ እሱም ቀዩን ፈቱ። ሳጥኑ ተከፈተ። ስልኩ ሞቷል።

«ስቆልፈው ባትሪው እንደሚያልቅ እንኳ አላሰብኩም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተብዬ። ቻርጀሩ ደግሞ የት እንደገባ አይታወቅም። የሚጣ ቻርጀር ገጠመለት። በቤታችን ውስጥ የሚሠራው ሶኬት ወጥ ቤት ነው፣ ከወለሉ በስንዝር ከፍ ብሎ። ሽቦዋ ደግሞ እንደ ዶሮ አንጀት አጭር ናት። ስለዚህ ሦስታችንም ወለል ላይ ተቀመጥን።»

ስልኩ አልነሣ አለ። ውድድሩ የሚጀመርበት ሰዓት ደረሰ፣ አለፈም። ሲጠብቁ ሚጣ ምን ይደረግ ብላ ወሬ ጀመረች። ለመጀመሪያ ጊዜ መርፌ የወጋች ዕለት እጇ ሲንቀጠቀጥ በሽተኛው፣ ግዙፍ ሽማግሌ ሰውዬ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ከፈለግሽ እኔ ራሴን ልውጋ» እንዳላት ነገረቻቸው። እናትየዋ ሣቀች። ከዚያ እናትየዋ ደግሞ ጥርሱ ሊነቀል መጥቶ ተራው ሲደርስ በመስኮት ስለወጣው ሰው አወራች። ይህን ከዓመት በፊት የሆነ ነገር እሱ ገና ያን ቀን መስማቱ ነው።

«ስልኩ ሲበራ ያየችው ሚጣ ናት» አለኝ። «እኔ ረስቼው ነበር። እውነቴን ነው፤ ውሸት ድሮ በቅቶኛል።»

ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ሰንጠረዡ ላይ «ሚጣ» ታች፣ ከመጨረሻዎቹ ጋር ናት።

«ልጫወት?» አላቸው።

«ተጫወት» አለች ልጅቱ። «ምን እንደሆነ ልየው።»

ተጫወተ፤ ሁለቱም በትከሻው ላይ አጎንብሰው። አሥራ ስድስት ይዞ በቃኝ ሊል ሲል ሚስቱ «ምን ትፈራለህ፣ ጨምርበት» አለች። ጨመረ፣ ወደቀ። «አንቺ ሴት፣ ዝም ብትይ ምን አለ?» «እንደ እሱ ከሆነ ጨምር የሚለውን ለምን አደረጉት?» ሚጣ ስልኩን ቀማችውና እስቲ እኔ አለች። እሷም ወደቀች፤ በቃኝ ማለት ሲገባት ጨመረች፣ መጨመር ሲገባት በቃኝ አለች። ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር ብላ መልሳ ሰጠችው። በዚህ መሐል ሰንጠረዡ ላይ «ሚጣ» ስትወርድ፣ ስትወርድ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰች።

«ይቺ ናት?» አለች ሚስቱ።

«ይቺ ናት።»

«ስጠራህ የማትሰማኝ ለዚች ነበር?»

ላይታች የሊፍቱን በር በክርኑ ይዞ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ልበላት? ማሽን ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳየው ትልቅ ነበር፤ ከተማ ያህል ነበር። ወጥ ቤት ወለል ላይ በእነሱ መሐል ሆኜ ሳየው የክብሪት ቀፎ አከለ። አዎ፣ ለዚች ነበር አልኳት። እሷም፣ ጣውንትስ ደኅና መልክ ሊኖራት ይገባ ነበር ብላ ተነሣችና ራት ልትሠራ ድስት ጣደች።»

ሚጣ ግን አልተነሣችም። «ስሜን መልስልኝ» አለችው።

ውድድሩ ገና አላለቀም፤ ሌሎቹ እየተጫወቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሠራበትን ቦታ በገዛ እጁ የሚለቅበትን መንገድ ፈለገ። የተመዘገበበትን መለያ ለዘለዓለም ዝጋ የሚል ከብዙ በር ጀርባ ተደብቆ አለ። ሲጫነው እርግጠኛ ነህ አለው። አዎ አለ። ስጦታ እንስጥህና ቆይ አለው። «ባለዕዳ እንኳ እንደዚያ አይለምንም» አለኝ። እጁ ላይ ላብ መጥቶ ጣቱ አልጫን ብሎት በሸሚዙ ጠረገው። ሚጣ አላገዘችውም፤ ትጠብቀው ነበር። ተጫነው። ከሰንጠረዡ ላይ ስሟ ጠፋ፤ ከሥሯ የነበረው ሰው አንድ ደረጃ ከፍ አለ።

«በሌላ ስም መመለስ ይቻላል ይባላል» አልኩት፤ ማለት ባይኖርብኝም።

«ይቻላል። እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ። ስለዚህ ሳጥኑን መልሰን ቆለፍነው፣ ሦስታችንም። እሷ ራት በልታ ወደ አክስቷ ሄደች። ትመለሺ እንደሆነ ብዬ አልጠየቅኋትም። ፈራሁ።»

በሩ ያለ ድምፅ ተዘጋ። ከፈተው፤ ያለ ድምፅ ተከፈተ። ደስ ሲለው እንደሚያደርገው እርሳሱን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዛወረ።

በዚህ ጊዜ የዘበኛው ድምፅ በደረጃው ጉድጓድ ከታች ወደ ላይ መጣ።

«ላይታች!»

«አቤት!»

«ስልክህን እዚህ ጥለሃት እየጮኸች ነው። አነሣኋት። ልጅህ ናት!»

ላይታች ሐዲዱን ይዞ ቀረ። «ምን ሆነች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ከአክስቴ ቤት እየወጣሁ ነው ትላለች፤ ፍራሹ ደረጃው ላይ ተቀርቅሮ ላይም ታችም አልሄድ ብሏል። መፍቻ ይዘህ ድረስልኝ ትላለች!»

«ለፍራሽ መፍቻ ምን ያደርጋል?» አለ፤ ለዘበኛው አይደለም፣ ለእኔም አይደለም። ያን ጊዜ የበራው ፊቱ አሁንም ሳስበው ይታየኛል። «ስንተኛ ፎቅ ጋ ነው በላት!»

«ሦስተኛና አራተኛ መሐል! ጎረቤት ማለፊያ አጥቶ ቆሟል፣ ይሰድባታል ደግሞ!»

«አምስተኛ ፎቅ ነው የአክስቷ ቤት» አለኝ ላይታች፣ መፍቻዎቹን በአንድ እጁ ሳጥኑ ውስጥ እየወረወረ። «ሊፍት የለውም። አያድርስ ነው፣ የሊፍት ሠራተኛ ልጅ ሊፍት የሌለበት ቤት! ቁም ሳጥንም ትይዝ ይሆናል፣ መጽሐፍም አለ፤ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ምሳ ሰዓት ላይ እለምናቸዋለሁ። ገመድ አለኝ፣ ብርድ ልብስ መደገፊያ...» ክርኑን ዘረጋልኝ፣ ከዚያ አሰበና ክርኑን መልሶ ቅባት ያለበትን እጁን ሰጠኝ። ጨበጥኩት።

ልጠይቀው የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። በሌላ ሕንፃ፣ ከሌላ ጣሪያ ሥር፣ ዕቃ እስኪመጣለት ቆርቆሮው ላይ ብቻውን ሲቀመጥ አሁን በዚያ ሁሉ ሰዓት እጁን ምን ላይ እንደሚያሳርፈው። ነገሩ የከነከነኝ ስለ እሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሴም ነበር፤ እንዴት ብዬ እንደምጀምረው ቃል እየመረጥኩ ነበር።

ሊፍቱ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። እሱ አላየውም። ሳጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ወረደ፤ «ጋሼ» ብዬ ስጣራ አምስተኛ ፎቅን አልፎ ነበር።